አሥራ ሰባት ቁጥር ታብሌት

በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት፣ የበልጉ ዝናብ ሮቤን ማርጠብ በጀመረበት ሰሞን ነው። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን የገቡበት ዓመት ነበር። ቢሯችን ውስጥ ከጥበቃው እስከ ኃላፊው የማይጾም ሰው አልነበረም። የሻይ ክፍሉ በር ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል።

እኔ ያኔ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ። አባታቸው ካረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚህች ሥራ አሳድጌያቸዋለሁ። ውሌ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ይታደሳል። ስለዚህ መጋቢት ሲገባ ሁልጊዜ ፈሪ እሆናለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ያደረግሁት እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

መሥሪያ ቤታችን በባሌ ገጠር ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን ይከታተላል። የመስክ ሠራተኞቹ ሴቶች ናቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ የእናቶቹን ሁኔታ በታብሌት ይመዘግባሉ፤ ኔትወርክ ሲያገኙ ይልካሉ። ታብሌቶቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። እያንዳንዷ ቁጥር አላት። የተረከበችው ሴት ፈርማለች፤ ተያዥም አስፈርማለች።

ኮምፒውተር የሚያውቀው ባልደረባችን በጥር ወር ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር አንድ ሥራ ጣለብኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት ታብሌቶቹን ከሩቅ የሚቆጣጠርበት ገጽ አለ። ያን ገጽ በኮምፒውተሬና በስልኬ ላይ ከፈተልኝ።

“ቀላል ነው፣ እትዬ አልማዝ” አለኝ ሻንጣውን እየዘጋ። “አረንጓዴ ማለት ደንቡን ያሟላች ናት። ቀይ ማለት ያላሟላች። አረንጓዴዎቹን ይቆጥራሉ፣ ቀያዮቹን ይጠራሉ፣ በቃ።”

“ሌላ ቀለም ቢመጣስ?”

“አይመጣም።”

እውነትም አልመጣም። ሁሉም አረንጓዴ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ገጹን ከፍቼ አያለሁ፣ ተመስገን ብዬ እዘጋለሁ።

ከዚያ ትእዛዝ መጣ። የታብሌቶቹ ሶፍትዌር አፕዴት ይደረግ፤ እስከ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ደንቡን ያላሟላች ታብሌት ከሩቅ ትዘጋለች፤ በውስጧ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ያዢዋም ከሥራ ትታገዳለች ይላል።

ለሁሉም መልእክት ላክሁ። ሰኞ ዕለት ገጹ ላይ ታብሌቶቹ አንድ በአንድ ቀይ እየሆኑ መጡ። ደነገጥኩ። ማክሰኞ ከዲንሾም፣ ከጎባም፣ ከዚሁ ከሮቤም አፕዴት ያደረጉት መልሰው አረንጓዴ ሆኑ። ረቡዕ ጠዋት ሠላሳ አረንጓዴ ቆጠርኩ። አንድ ቀይ ቀረች፤ አሥራ ሰባት ቁጥር። ያዢዋ ዘይነባ ናት፤ ሃረና ጫካ ውስጥ፣ ከሪራ መንደር በታች ነው የምትሠራው።

ዘይነባን የማውቃት ታብሌቷን ስትረከብ ነው። ዕድሜዋ በሠላሳዎቹ ውስጥ የሆነ፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ሌሎቹ ስለ ባትሪና ስለ ካርድ ሲጠይቁ እሷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“እትዬ፣ ይህን ሌላ ሰው ቢያገኘው እናቶቹ የነገሩኝን ያነባል?”

“ሚስጥር ቁጥርሽን ካልነገርሽው አያነብም።”

“እንግዲያው ለማንም አልናገርም” አለችና ፈረመች።

ያን ረቡዕ አንድ ነገር ግራ አጋብቶኝ ነበር። ከሠላሳዎቹ አረንጓዴዎች አራቱ መጠባበቂያ ናቸው። ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌ ነው ያስቀመጥኳቸው። ከጥምቀት በፊት ከጠፉ ጀምሮ አብርቻቸው አላውቅም። ሳይበሩ እንዴት አፕዴት ሆኑ? ቁልፉን ይዤ ቁምሳጥኑ ፊት ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ‘የኮምፒውተር ነገር፣ የራሱ መንገድ ይኖረዋል’ ብዬ ተውኩት። ሪፖርቱ ላይ “ሠላሳ ተፈጽሟል፣ አንድ አልተፈጸመም” ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ሐሙስ ለዘይነባ አሥር ጊዜ ደወልኩ። ስልኳ አይሠራም። ኃላፊያችን አቶ ደረጀ ጠሩኝ።

“ምን ትጠብቂያለሽ? ሠላሳው ያደረገውን እሷ ምን አቃታት?”

“ያለችበት ቦታ ኔትወርክ የለም።”

“ማክሰኞ ቀይ የሆነችው ኔትወርክ አግኝታ አይደለም እንዴ? ትእዛዙ ደርሷታል፣ ትታዋለች። ደብዳቤውን አዘጋጂ።”

ያሉት ልክ መሰለኝ። “ትእዛዝ ያልፈጸሙ” የሚል ዝርዝር ሠራሁ፤ ያለበት አንድ ስም ነው። ፈረምኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቀዩ የእኔ ባለመሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አንድ ነገር ቀረኝ። ደንቡ ንብረት ሲበላሽ ተያዡ ይነገረው ይላል። የዘይነባን ቅጽ አወጣሁ። ተያዥ፦ ሞሚና፣ ታላቅ እህት፣ ጎባ፣ የጨርቅ ሱቅ። ደወልኩ።

“አካም ጅርቱ፣ አዴ?” አለችኝ ሞቅ ባለ የኦሮምኛ ሰላምታ። ከየት እንደምደውል ነገርኳት። እህትሽ ትእዛዝ ባለመፈጸሟ ታብሌቷ ዛሬ ትዘጋለች አልኳት።

“የቷ ታብሌት?”

“የተረከበችው። አሥራ ሰባት ቁጥር።”

“እሷማ እዚህ እኔ ጋ ናት! አፕዴት ካደረግኳት ሦስት ቀኗ! እንዴት ነው ነገሩ፣ ሰው ሠርቶም ይከሰሳል?”

ነጠላዬን አንስቼ የጎባ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ሞሚና ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። ሱቋ ከወለል እስከ ጣሪያ በጥቅል ጨርቅ ተሞልቷል። ታብሌቷ መደርደሪያው ላይ፣ በአበባማ ጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ሞሚና እንደ ሕፃን ፈታ አሳየችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዘይነባ የእኔ መልእክት የደረሳት ሰኞ ጉብታ ላይ ወጥታ ነው። እዚያ ያለው ኔትወርክ ለመልእክት እንጂ ለአፕዴት አይበቃም። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አደረገች። ታብሌቷን ለአይሱዙ ሹፌር አደራ ሰጥታ፣ የሳነቴን ተራራ አሻግሮ ለእህቷ እንዲያደርስ ላከችው። ማክሰኞ ሞሚና ከሱቁ ዋይፋይ ጋር አገናኘቻት፤ እህቷ በወረቀት እንደጻፈችላት፣ ሚስጥር ቁጥር የማይጠይቀውን የአፕዴት ምልክት ተጫነች። ታብሌቷ አንድ ሰዓት ስትጭን ቆየች፤ ጠፍታ በራች።

“ከዚያ ቁጥር ጠየቀችኝ። ቁጥሩን አላውቅም። አፕዴቱ አልቋል ብዬ ጠቅልዬ አስቀመጥኳት። ሹፌሩ ይመለሳል ስል ዝናቡ መንገዱን ያዘው።”

በስልኬ ገጹን ከፈትኩ። ቀይ። ታብሌቷን አየሁ፤ ቁጥር አስገቢ ትላለች። መልሼ ገጹን አየሁ፤ ቀይ። አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ገጹን ለምትከታተለው ለሊያ ደወልኩ። ፈጣን ተናጋሪ ናት። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት።

“ገባኝ። ማክሰኞ ኔትወርክ ስታገኝ ‘ገና ነኝ’ ብላ ላከች። ከዚያ አፕዴት ሆነች፣ ጠፍታ በራች። አሁን ቁጥሩ እስኪገባ አፏ ዝግ ነው።”

“አፕዴት ሆናለች ማለት ነው?”

“ሳትሆን አትቀርም።”

“እሺ፣ አረንጓዴ ናት?”

“አይ፣ ቀይ ናት።”

“አፕዴት ሆና?”

“ወይዘሮ አልማዝ፣ ገጹ ታብሌቷን አያያትም። መጨረሻ የነገረችውን ነው ይዞ የሚቆየው። የማክሰኞን ወሬ ነው የሚያዩት።”

ሞሚና ወደ እኔ ጠጋ ብላ “ምን አለች?” አለችኝ። “አፕዴት ሆናለች፣ ግን አልሆነችም አለች” አልኳት። ሞሚና ታብሌቷን፣ ቀጥላም እኔን አየች።

“ቀኑን አራዝሚልን” አልኳት ሊያን።

“የሚዘጋው ሲስተሙ ነው። አንዷን ለይቼ ለማስቆም ማስረጃ ያስፈልገኛል። ከአሥር ሰዓት በፊት ትከፈትና አንዴ ትናገር። ከአሥር ሰዓት በኋላ ብትከፈት መጀመሪያ የሚደርሳት የማጥፊያው ትእዛዝ ነው። ያልተላከ መዝገብ አላት?”

ያልተላከው ምን ዓይነት መዝገብ እንደሆነ ሞሚና ከእህቷ ሰምታለች። የሠላሳ ስምንት እናቶች የሁለት ወር ክትትል ነው፤ እነማን ሊወልዱ እንደቀረቡ፣ የማን ደም ግፊት እንደጨመረ።

ዘይነባ ዓርብ ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ጉብታው ላይ ወጥታ ለእህቷ ትደውላለች። ጠበቅን። ደወለች። ነፋሱ ድምጿን ይቆርጠዋል። ሞሚና በኦሮምኛ ነገረቻትና ስልኩን ሰጠችኝ።

“ዘይነባ፣ ሚስጥር ቁጥርሽን ንገሪኝ። አሁኑኑ እንክፈታት።”

የሚሰማኝ ነፋሱ ብቻ ነው።

“ትሰሚኛለሽ?”

“እሰማለሁ፣ እትዬ። አልናገርም።”

“እኔ እኮ የንብረት ክፍል ነኝ! አላነብም።”

“አውቃለሁ። ግን ለእናቶቹ ምያለሁ። ባሏ የማያውቀውን የነገረችኝ አለች። እህቴም ናት፣ እርስዎም ደግ ሰው ነዎት፤ አማና ግን አማና ነው፤ አደራ አይበላም።”

“መዝገቡ ከጠፋ ማን ይጠቀማል? ሥራሽንም እኮ ታጫለሽ!” ጮህኩ መሰለኝ። ጨርቅ የምትመርጥ ሴት ዞራ አየችኝ።

“መጣሁ” አለች ዘይነባ። ስልኩ ተቋረጠ።

ሞሚና በረጅሙ ተነፈሰች። “ልጅ እያለችም እንዲህ ነበረች። ሚስጥር ነግረሻት ብትገርፊያት አታወጣም።”

ሳነቴ ላይ ጭጋግ ነበር። መኪና ታግኝ አታግኝ አናውቅም። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሞሚና “ሱቁን ያዢልኝ” ብላኝ ለሶላት ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ካወቀችኝ ሦስት ሰዓት አልሞላም። ገንዘቧም ጨርቋም ፊቴ ነው። አንድ ሽማግሌ መጥተው የፎጣ ዋጋ ጠየቁኝ። “ባለቤቷ እየሰገደች ነው፣ ይቀመጡ” አልኳቸው። ተቀመጡ። እሷ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ፣ ሁለታችንም ለአንድ ነገር እንጸልይ ነበር።

አቡነ ዘበሰማያትን ሳልጨርስ ቁምሳጥኑ ትዝ አለኝ።

ገጹ መጨረሻ የሰማውን ነው የሚይዘው። የሠራችውን ቀይ ብሎ ከያዘ፣ ያልሠራችውንስ? እነዚያ አራቱ መጨረሻ የተናገሩት ከጥምቀት በፊት ነው። ያኔ ይህ ትእዛዝ አልነበረም፤ በነበረው ደንብ ሁሉም ደህና ነበሩ። ‘ደህና ነን’ ብለው ጠፉ። ከዚያ ወዲህ የጠየቃቸው የለም።

ሞሚና ሰግዳ ስትመለስ ወደ ውጭ ወጥቼ ለሊያ ደወልኩ።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጠፍታ የተቀመጠች ታብሌት አረንጓዴ ልትሆን ትችላለች?”

“ለጊዜው ትችላለች። ብዙ ከቆየች ገጹ ራሱ ቀይ ያደርጋታል። ለምን? ስንት ናቸው?”

“እንዲያው ነው” አልኩና ዘጋሁ። በጾም ወር፣ መንገድ ዳር ቆሜ ደበቅኩ። ውሌ ታየኝ። የመጨረሻዋ ልጄ የትምህርት ቤት ልብስ ታየኝ።

ሰባት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሞሚና “የእናንተ ጾም አሁን ይፈታል አይደል? የሚበላ ላምጣልሽ” አለችኝ። እምቢ አልኩ። ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ አንድ የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመ። ዘይነባ ከሹፌሩ አጠገብ ሳይሆን ከላይ፣ ከጆንያ መሀል ወረደች። ሻርፗ ርሶ ከራሷ ተጣብቋል፣ ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ጾመኛ ናት፤ ትኩስ ነገር ጠጪ ማለት እንኳ አይቻልም። ሞሚና ጋቢ አለበሰቻት።

“የታለች?” አለች።

ሰጠኋት። ጀርባዋን ሰጠችን። እኔና ሞሚና ደግሞ ፊታችንን ወደ ጨርቁ አዞርን። ሽማግሌው ጭምር ዞሩ፤ ፎጣቸውን ገዝተውም አልሄዱም ነበር።

“ተከፈተች።”

ታብሌቷ ቀስ ብላ ነቃች። በሞሚና ስልክ ለሊያ ደውለን፣ ሊያ የምትላትን ዘይነባ ተጫነች። ነጭ ክብ ነገር ይዞር ጀመር። ዞረ፣ ዞረ። ከዚያ አረንጓዴ ምልክት መጣ። ታብሌቷ ደንቡን አሟልቻለሁ አለች።

ስልኬን አየሁ። ገጹ ቀይ ነው። ለአሥር ሰዓት ስምንት ደቂቃ ቀርቷል።

“ሊያ፣ እዚህ አረንጓዴ፣ እዚያ ቀይ!”

“ገጹ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። አንዳንዴ ሰዓታት ይፈጃል።”

“እኛ ደቂቃ ነው ያለን! የትኛውን ነው የማምነው?”

“ታብሌቷን። የስክሪኗን ፎቶ ላኩልኝ፣ ቶሎ።”

ዘይነባ የእናቶቹ ስም የሚታይበትን ገጽ ዘግታ፣ ምልክቱን ብቻ አሳይታ ፎቶ አስነሳችኝ። ላክሁት። ሊያ “ቆዩ” አለች። የኮምፒውተሯ ቁልፎች ሲንኳኩ ይሰማል። ሞሚና የጨርቅ መለኪያውን ሜትር ጨብጣ ትቆማለች፣ ትቀመጣለች።

“አቆምኩት” አለች ሊያ።

አመንን፣ አላመንንም። አሥር ሰዓት ሲሞላ አራታችንም ታብሌቷን ከበን ተመለከትን። አልጠፋችም። እንዲያውም መዝገቦቹ መላክ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት... ዘይነባ በጣቷ ትቆጥራለች። ሠላሳ ስምንት ስትል እንባዋ መጣ። ገጹ ላይ አረንጓዴ የሆነችው ከዚያ ብዙ ቆይታ ነው፤ ያኔ ማንም አላያትም።

ጸጥ ሲል ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች።

“ደብዳቤ ተጽፎብሻል አለችኝ እህቴ። ማን ነው የጻፈው፣ እትዬ?”

“እኔ ነኝ።”

“ደውለው ነበር?”

“ደውዬ ነበር። ስልክሽ አይሠራም።”

“ስለዚህ ጻፉ።”

“አዎ። ጻፍኩ።”

ከዚህ የሚበልጥ ወቀሳ ሰው ተናግሮኝ አያውቅም። ታብሌቷን በአበባማው ጨርቅ መልሳ ጠቀለለች። ከዚያ ጋቢውን ወደ ራሷ ሰብስባ “እንግዲህ ዛሬ መጥተዋል” አለች።

አዛን ሲል ሞሚና ቴምርና ውሃ አቀረበች። “ሁለት ጾመኛ ይዤ ውዬ! ደግነቱ ቴምር ከሁለታችሁም ጋር አይጣላም” ብላ ሳቀች። እኔም አልፈታሁም ነበርና አብረን ፈታን። ሦስት ቴምር በላሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ከሚኒባሱ ስወርድ ለአቶ ደረጀ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። የዘይነባ ደብዳቤ ይቀራል አሉኝ፤ ደስ አላቸው። ስለ አራቱ ስነግራቸው ግን ድምፃቸው ተለወጠ።

“አረንጓዴ ናቸው አላልሽም?”

“ናቸው። ግን አፕዴት አልሆኑም።”

“ማን ጠየቀሽ ታዲያ? አረንጓዴውን ቀይ አድርጊ ያለሽ አለ? ሪፖርቱ ሄዷል እኮ፣ አልማዝ። የፈረምሽው አንቺ ነሽ።”

“አዎ፣ እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው ዝም በይ” ብለው ዘጉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እሳቸውም መጋቢትን ይፈራሉ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ገጽ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል አልልም። ቀይ ሳይ አሁንም ልቤ ይደነግጣል። ግን ስለ ሰው ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ለምጃለሁ፤ መጨረሻ የሰማነው መቼ ነው? መዝገቤ ላይ ለዚህ አንድ ዓምድ አሥምሬያለሁ። ከቢሮም ውጭ ይህን ጥያቄ እጠይቃለሁ። ዘመድ ተቀይሞሻል ስባል፣ ጎረቤት ተለወጠች ስባል፣ ወሬው የመቼ እንደሆነ አጣራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ሆኖ አገኘዋለሁ። ዘይነባ ሃረና እየሠራች ናት። ጎባ ስትመጣ በእህቷ በኩል ማር ትልክልኛለች። እኔም ሥራዬ ላይ አለሁ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬ ፋይሌ ውስጥ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት እንዳገኘሁት ልንገራችሁና ይብቃኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ኪዳን አድርሼ ቀጥታ ቢሮ ሄድኩ። ከጥበቃው በቀር ሰው የለም። ቁምሳጥኑን ከፍቼ አራቱን ታብሌቶች አወጣሁ፣ አቧራቸውን ጠረግኩ፣ ቻርጅ ላይ ሰካኋቸው። ውስጣቸው መዝገብ የለም፤ ቢዘጉም የሚጠፋ ነገር የለም። አንድ በአንድ አበራኋቸው። ቁጥራቸውን አውቀው ስለነበር ከፈትኳቸውና ዋይፋዩን ሰጠኋቸው። ከዚያ ገጹን ከፍቼ ጠበቅኩ።

ብዙ ቆዩ። መጀመሪያ ሃያ ስምንት ቁጥር ቀይ ሆነች። ቀጥሎ ሠላሳ። ከዚያ ሁለቱ ቀሪዎች ተከታትለው። አራት ቀይ፣ በሠላሳ አንድ መሀል። ትእዛዙ ከመጣ ወዲህ ገጹና እውነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሆኑ። ተመስገን አልኩ።

የሐሙሱን ዝርዝር አወጣሁ። የዘይነባን ስም በማስመሪያ ሰረዝኩት። ከሥሩ የአራቱን ታብሌቶች ቁጥር ጻፍኩ። ያዢ በሚለው ቦታ የራሴን ሙሉ ስም፣ ምክንያት በሚለው ቦታ “ሳታይ ፈርማለች” ብዬ ሞላሁ። ከዚያ ፈረምኩ።